ፍየል የመረቀችው ታግ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጥርሴ መሀል ከገባ የማንጎ ጭረት ጋር ስታገል ስልኬ አንድ ፎቶ አመጣችልኝ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ቀይ ከረቫት አስሮ፣ ከእብነ በረድ ሰሌዳ ላይ መጋረጃ ይገልጣል። ሰሌዳው ላይ ስሙ ተቀርጿል። ስሙ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ማዕረጉ አለ፣ የማዕረጉ ማዕረግ አለ፣ ማዕረጎቹ እንዳይጣሉ በመሀል የገባ ሰረዝም አለ። ፊደሉን በአውሮፕላን የሚያልፍ መንገደኛ ሳይቸገር ያነበዋል። የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ ግን ከታች በጉንዳን እግር ነው የተጻፈው። ፎቶውን በሁለት ጣቴ ለጥጬ ለጥጬ አነበብኩት፤ የአንድ የቴክኖሎጂ ማዕከል የመሠረት ድንጋይ ነው። ከድንጋዩ ኋላ ሜዳ አለ። ሌላ ምንም የለም፣ ሜዳ ብቻ። ከፎቶው ስር ሰዉ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎት» እያለ አበባ ይበትናል።

ሰውዬውን በፊቱ አይደለም ያወቅሁት፤ ፊቱ በዓመታት ብዛት ሰፍቶ ሌላ አውራጃ ጠቅልሏል። በከረቫቱ ነው ያወቅሁት። ያን ከረቫት ጅቡቲ፣ ፔካ ዐሥራ ሁለት በሚባል መቆሚያ፣ በጭነት መኪናዎች መሀል ነፋስ እያነሳ የባለቤቱን አፍ ሲደፍንበት አይቼዋለሁ። ኢንጂነር አጥናፉ! ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ደመወዜን የሚፈርመው እሱ ነበር። አሁን ሌላ ሰው ስለሚፈርም አንቱታው ቀርቷል።

ጅቡቲ የገባሁት ሠላሳ ሳይሞላኝ ነው። ስለዚያ አገር ሙቀት ሰው ብዙ ይዋሻል፣ እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ ጠዋት ከሱቅ የገዛኸው እንቁላል ቤት ስትደርስ ጫጩት ነው። ከተማው ይህን ስለሚያውቅ በማለዳ ይነሳል፣ እስከ ቀትር ይሯሯጣል። ቀትር ሲያልፍ ከእኛው አገር የሚመጣው ጫት ይገባና ከተማው በሙሉ ጉንጩን ወጥሮ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ቤትህ ቢቃጠል እንኳ ለነገ ጠዋት ቀጠሮ ያዝ ነው የምትባለው። እኔ ያን አገር እወደው ነበር። የማልወደው ከእኛ አገር ይዞት የሄደውን ኩራት በዚያ ሙቀት ውስጥ እንኳ አውልቆ የማይሰቅለውን ሰው ነው።

የምሠራበት ድርጅት ዕቃ ከወደብ አውጥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚያስተላልፍ የትራንዚት ቤት ነበር። እኔና ሆዳን የምትባል ባልደረባዬ ኮንቴይነሮቹንና መኪናዎቹን የሚከታተል ፕሮግራም እንጽፋለን። ሆዳን ካርቲየ 4 የሚባል የጅቡቲ ሰፈር ልጅ ናት። እናቷ ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛዋ የእኔን ያስንቃል፤ ስትናደድ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ድንበር ትሻገራለች፣ ቪዛ የሚጠይቃት የለም። የሁለታችን ክፍል አየር ማቀዝቀዣ ነበራት፤ አየሩን አታቀዘቅዝም፣ ድምፅዋ ግን ለመነሳት ፈቃድ እንደምትጠብቅ አንቶኖቭ ነው።

ኢንጂነር አጥናፉ አለቃችን ነው፤ ሆዳን እንደ አገሯ ፈረንሳይኛ «ሙሴ» ትለዋለች። ፕሮግራም አይጽፍም፣ የተጻፈውንም አያነብም፤ በርና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሱፍ ለብሶ ይቀመጣል። «ሀራሙስ ነው የምኖረው» ይል ነበር፣ ኤምባሲዎቹና ቪላዎቹ ባሉበት። እውነትም ሀራሙስ ነው፤ አንድ ቪላ ጓሮ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ያለች ክፍል። በክፍሏ ምን አለበት፣ እኔም ከዚያች የባሰች ነበረችኝ። እሱ ግን የጄኔሬተሩን ጩኸት ሳይቀር «ከአምባሳደሮቹ ጋር እናመሻለን» እያለ ነው የሚያወራው።

እዚህ ላይ ስለ ታግ ጥቂት ልናገር፤ አንባቢዎቼ አትሽሹ፣ ከባድ አይደለም። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ጽሑፋቸውን የሚያኖሩበት ጊት የሚባል መጋዘን አላቸው። መጋዘኑ አይረሳም፤ አንዲት ነጥብ ብትለውጥ የትናንቱንም የዛሬውንም ያስቀምጣል። ለውጡ ሲከማች «ለሥራ የሚወጣው ይኼኛው ነው» የሚል ምልክት ያስፈልጋል፤ ምልክቱ ታግ ይባላል። ቀለል ያለ ታግ አለ፤ የበርበሬ ጆንያ ላይ በከሰል እንደተሞነጨረ ስም ነው፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ከበድ ያለው ደግሞ ጉምሩክ በኮንቴይነር በር ላይ እንደሚያስረው ፕሎምፕ የሚሉት ማኅተም ነው፤ ራሱን ችሎ፣ እንደ አንድ ዕቃ ሆኖ መጋዘን ይገባል። ውስጡ ጥቂት መስመሮች አሉት። የታተመው ዕቃ መለያ፣ የዕቃው ዓይነት፣ የታጉ ስም፣ ከዚያ ማን መቼ እንዳተመው፣ በመጨረሻም አጭር መልእክት።

ማሽኑ ታጉን ሳይመረምር አያስገባም። ምርመራው ግን የሰነፍ ዘበኛ ምርመራ ነው። የተባለው ዕቃ በእርግጥ መጋዘኑ ውስጥ አለ? ዓይነቱ የተባለው ነው? ስሙ ደንቡን ጠብቋል? የአታሚው መስመር እንደ ሥርዓቱ ተጽፏል? እለፍ! ሰውየው ማን ይሁን፣ የጻፈው ጊዜ እውነት ይሁን ውሸት፣ እሱ የማሽኑ ጭንቀት አይደለም።

ኢንጂነር አጥናፉ ታግ ውስጥ የሰው ስም እንደሚገባ የሰማ ዕለት ከወንበሩ ተነሳ። ሲነሳ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ማለት ስሜ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል?»

«ይቀመጣል ኢንጂነር።»

«እስከ መቼ?»

«መጋዘኑ እስካለ ድረስ። እስከ ዕለተ ምጽአት ቢሉም ያስኬዳል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሱ በቀር ማንም እንዳያትም አዘዘ። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ የአታሚውን ስም የሚያይ ተጨማሪ ፈታሽ እንድናቆም አደረገን፤ የእሱ ስም ከነማዕረጉ ካልሆነ አይገባም። እኛም «ስም እኮ ማንም ሊጽፍ ይችላል፣ በምሥጢር ቁልፍ የሚፈረም የተሻለ አለ» አልነው። ቁልፉ የይለፍ ቃል ማስታወስ እንደሚጠይቅ ሲሰማ «እኔን ማን ነው የይለፍ ቃል የሚጠይቀኝ?» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

የመጀመሪያው ሙከራው አይረሳኝም። ገና አንዲት መስመር ያልጻፍንለትን የፕሮግራማችንን ስሪት ሦስትን ሊያትም ተቀመጠ። ማሽኑ እምቢ አለው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ዕቃው የታለ? ነው የሚለው፣ ኢንጂነር። ስሪት ሦስት ገና አልተሠራም።»

«እኔ መሠረቱን ላኑር፣ እናንተ ቀስ ብላችሁ ትሠሩታላችሁ!»

ማሽኑ ጭራሽ አልሰማውም። ሆዳን ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ እንደ ብልህ ልጅ ራሱን ዳበሰችው። ከዚያ ወዲህ ነው እኔም ለዚያ ቆርቆሮ ሰላምታ መስጠት የጀመርኩት።

ዓመቱ ሁለት ሺህ አራት ነው፣ ወሩ ሚያዝያ። ፋሲካ አልፏል፣ አገር ቤት የሰርግ ወቅት ነው፤ የጅቡቲ ሙቀት ደግሞ ገና እጅጌውን እየሰበሰበ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መኪናዎቻችን ፔካ ዐሥራ ሁለት ካለው መቆሚያ የሚወጡት ፕሮግራማችን በሚያትመው የመውጫ ወረቀት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ፔካ ዐሥራ ሁለት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ነው። አቧራ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ሽርጥ ያገለደሙ የእኛ አገር ሹፌሮች፣ ካርቶን የሚበሉ ፍየሎች። የፍየሎቹን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ስሪት አንድ አንድ አስቂኝ በሽታ ነበረበት። የመኪናውን ተሳቢ እንደ ሌላ መኪና ይቆጥርና «ለሁለተኛው ተሽከርካሪ ሹፌር አልተመዘገበም» ብሎ ወረቀት ይከለክላል። ስሪት ሁለት ላይ አድነነዋል። ኢንጂነር አጥናፉ ማክሰኞ ዕለት ኬክ አስመጥቶ፣ አጨብጭቡ ብሎን፣ በራሱ ላፕቶፕ፣ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ስሪት ሁለትን አተመ። ማሽኑ መረመረ፣ ትክክል ነው አለ። ሰውዬው «ትክክል» የሚለውን በወረቀት አስወጥቶ፣ በመስታወት አስገብቶ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። የልጆቹ ፎቶ የነበረበት ቦታ ላይ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ በለጠ ደወለ። ጋሽ በለጠ የሞጆ ሰው ነው፣ ያን መንገድ ጥቁር ፀጉር ይዞ ጀምሮ ሽበት ያበቀለበት ሹፌር። በመጣ ቁጥር ባለቤቱ የሠሩትን ዳቦ ቆሎ ይዞልኝ ይመጣል፤ ዳቦ ቆሎው የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሲደርስ ጥርስ የሚፈትን ጠጠር ነው፣ እኔ ግን በፍቅር ነበር የምቆረጥመው።

«ሳሚ! ያ ማሽናችሁ ታሟል።»

«ምን አለ ጋሽዬ?»

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ቆሜአለሁ፤ ለተሳቢው ሹፌር አልተመዘገበም ይላል። ለተሳቢው! ምን ላድርግ፣ ሚስቴን ላስመዝግባት?»

«እሱማ ድኗል እኮ፣ ትናንት አዲሱ ገብቷል።»

«አዲሱም ሞኝ ነዋ!» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ሳሚዬ፣ ቀልዱን እንተወው። እሁድ ትዕግሥት ልትዳር ነው። አባዬ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም ብላ እናቷን አስለቅሳለች። ዛሬ ካልወጣሁ አልደርስም። መኪናውን ጥዬ በአውቶቡስ እንዳልሄድ ጭነቱ በእኔ ስም ነው የወጣው።»

ሰርጉን አውቀዋለሁ። ከወራት በፊት ጀምሮ ሙሽራዋ ስለምትገባበት መኪና፣ ስለ በሬው ቀለም፣ ስለ አዳማው ሙሽራ ቤተሰብ ሳይቀር ነግሮኛል። በሬውን ባየው ከመንጋ መሀል ለይቼ በስሙ እጠራዋለሁ።

ሮጥኩ፤ ማለትም ወንበሬን በተሽከርካሪ እግሩ ወደ ሆዳን አንሸራተትኩ። ፔካ ያለው ማሽን በራሱ ነው ስሪቱን የሚያመጣው፤ መጋዘኑን አይቶ፣ ከታጎቹ ሁሉ በቀን የመጨረሻ የሆነውን ይጭናል። ስሪት ሁለት እያለ አንድን ለምን ጫነ? ሆዳን ታጎቹን በቀን አሰለፈቻቸውና አፏን በእጇ ያዘች።

«ሳሚ፣ ና እየው። የሙሴ አጥናፉ ታግ ከሁሉም በታች ነው ያለው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ! ዋላሂ ይኼ ሰውዬ ጊት ራሱ ሳይወለድ ነው ያተመው።»

ነገሩ ገባኝ። ሰውዬው ደብዳቤ ሲያትም ቀኑ በፈረንጅ እየወጣ ስላስቸገረው የላፕቶፑን ቀን በእኛ አቆጣጠር አድርጎታል፤ ዓመቱን ሁለት ሺህ አራት፣ ወሩን ስምንት፣ ሰዓቱንም በጠዋት ሁለት ሰዓት ብሎ። ማሽኑ ደግሞ የፈረንጅ መስሎት ተቀብሎታል። ለካ ኢሜይሉ አልከፍት እያለ «የጅቡቲ ኢንተርኔት» ብሎ የአገሩን ስም ሲያጠፋ የከረመው በዚሁ ነው፤ የዓለም ድረ ገጽ ሁሉ ካለፈ ዘመን የመጣ እንግዳ አናስገባም እያለው ነበር። የታጉ መስመሮች ግን አንድም አልጎደሉም። ዕቃው አለ፣ ዓይነቱ ልክ ነው፣ ስሙ ልክ ነው፣ የአታሚው መስመር ከነማዕረጉ ሞልቶ ፈሷል። ምርመራው አልፏል። ውሸት በደንቡ ከተጻፈ ማን ይከለክለዋል?

በእጃችን እንዳንጭነው የፔካው ማሽን የይለፍ ቃል ኢንጂነሩ ኪስ ውስጥ፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። በቃሉ እንዳይዘው ክብሩ አይፈቅድም። ቢሮው ገባን።

«ኢንጂነር፣ የታጉ ቀን ችግር አለበት። ከስምንት ዓመት በፊት የታተመ ሆኗል።»

«ሚያዝያ፣ ሁለት ሺህ አራት። ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው ያለነው?»

«በእኛ ልክ ነው። ማሽኑ ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው።»

«ታዲያ ማሽኑ ይታረም! በራሴ ዘመን ልፈር?»

ይህን የሚለው ሰውዬ ሻይ ለምታመጣለት የወልድያ ልጅ «መርሲ ቦኩ» የሚል ነው።

ሆዳን ገባችበት። «ሙሴ አጥናፉ፣ ሹፌሮቹ ፀሐይ ላይ ናቸው። አንዱ ልጁን ሊድር…»

«ሹፌር ሲጠብቅ ነው የኖረው። ይጠብቅ። ደግሞስ» ብሎ በጣቱ ወደ መስታወቱ እያመለከተ፣ «ተመርምሮ አልፏል። ማሽኑ ያላየውን አንቺ ልታዪ ነው?»

ምናልባት ቢያፍር ብዬ የመጨረሻዋን ጥይት ተኮስኩ። «ኢንጂነር፣ በዚህ ቀን እኮ ጊትን የፈጠሩት ሰዎች ራሳቸው ገና አልፈጠሩትም ነበር። እርስዎ ነዎት የቀደሙት።»

ዝም አለ። ከረቫቱን አስተካከለ። ከዚያ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ብርሃን ወጣ፤ እንደዚያ ያለ የሚያስጠላ ብርሃን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

«ቀደምኳቸው ነው የምትለኝ?»

«እ… በቀኑ ከሄድን…»

«እንግዲያው ማንም እንዳይነካው! ስሜ ያለበትን የነካ በማግስቱ ጋላፊ ነው።»

ጋላፊ ወደ አገር ቤት የሚወስደው ድንበር ነው፤ አባርራችኋለሁ ማለቱ ነው። ሆዳን ከወጣን በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆማ «እኔን ከገዛ አገሬ ወዴት ነው የሚያባርረኝ?» ብላ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ጠረገችና «በል፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ጭንቅላት አይሠራም» አለችኝ።

ካርቲየ 4 የወሰደችኝ ቤት ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ በርበሬ ቀብተው፣ ጉድጓድ ምድጃ ግድግዳ ላይ ለጥፈው የሚጠብሱበት ነው። ዓሣው ከነጥቁሩ በጋዜጣ ላይ ይመጣል፣ አጠገቡ የአልጋ ልብስ የሚያህል ቂጣ። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው በእጁ እየበላ፣ ላብ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ፣ ማንም ለማንም ማዕረግ አይጠራም። ዓሣውን እስከ አጥንቱ ጨረስን።

«የሱን ስም አስመስለሽ ጻፊውና እንገላገል» አልኳት።

«የሱን ስም? በእኔ ጣት? ዣሜ! በፍጹም!» ጣቷን ከቂጣው ላይ አነሳችና አየችው፣ እንደተሰደበ ሁሉ። «ራሱ ነው የሚጽፈው። ሳሚ፣ ይኼ ሰውዬ ከራሱ ስም ሌላ ምን ይወዳል?»

«ያው ስሙ ሲነበብ መስማት።»

«ሌላስ?»

«ሪባን» አልኩ። ሁለታችንም ቂጣውን ለቀቅነው።

ተመልሼ ገባሁለት። ስሪት ሁለት በታሪክ የመጀመሪያው ስለሆነ እንዳለ ይቀመጥ፤ ነገር ግን ስሪት ሁለት ነጥብ አንድ የሚባል ደግሞ ተራ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን በሥራው ቦታ፣ በሠራተኛው ፊት፣ ካሜራ ባለበት ቢመረቅ ምን ይመስላል? በሁለት እና በሁለት ነጥብ አንድ መሀል የተለወጠው ነጥቡ ብቻ ነው። አልጠየቀም። ሪባኑን ማን እንደሚገዛ ብቻ ጠየቀ።

ሐሙስ ጠዋት ፔካ ዐሥራ ሁለት ደረስን። በሙቀቱ ጥላዎቹ ራሳቸው መኪና ስር ገብተዋል። ሹፌሮቹ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ፎጣ ተከናንበው መጡ፤ ሁለት ቀን የጠበቀ ሰው ፊት ላይ ያለው ጨው አላቸው። ጋሽ በለጠ የመኪናውን መከላከያ በፎጣው ጠረገና የሆዳንን ነጭ ላፕቶፕ እዚያ ላይ አስቀመጥነው። ኢንጂነሩ የራሱን ይዞ ነበር።

«የሆዳን ነጭ ነው ኢንጂነር፣ ፎቶ ላይ ከከረቫትዎ ጋር ይሄዳል» አልኩት። የራሱን ይዞን ለመጣው ሹፌር አቀበለ።

ስሙን ከነማዕረጉ በሁለት ጣቱ ለቀመ። አንድ ባቡር ከድሬዳዋ ተነስቶ ይደርስ ነበር። ከዚያ በላፕቶፑ ፊት ለፊት፣ ከመስታወት መጥረጊያው እስከ ፋኖሱ ቀይ ሪባን ተወጠረ፤ መቀሱን በሳህን አድርጋ ሆዳን ቆመች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ሳቅ ሲይዛት እንደዚያ ነው የምትሆነው። ሰውዬው ወረቀት አወጣ። ንግግር አለው! ከክቡራትና ክቡራን ጀመረ። ክቡራቱ ሆዳን ነበረች። ከጥንታዊ ንግዳችን ተነስቶ፣ በባቡሩ አልፎ፣ ወደ ራሱ ልጅነት ሲቃረብ ነፋሱ ከረቫቱን አነሳና አፉ ውስጥ ከተተለት፤ ተፋውና ቀጠለ።

በዚህ መሀል አንዲት ነጭ ፍየል፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረ፣ ከጎማዎቹ መሀል ወጣች። የሪባኑን ጫፍ አሸተተች። ካርቶን ስትበላ ያደገች ፍየል ሐር የመሰለ ነገር አግኝታ ምን ታድርግ? ጀመረች። ሁላችንም አየናት፣ ማንም አላባረራትም። ሰውዬው ከወረቀቱ ቀና ሲል ሪባኑ የለም፣ ከፍየሏ አፍ አንዲት ቀይ ጫፍ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። ኢንጂነር አጥናፉ መቀሱን እንደያዘ ቀረ።

ጋሽ በለጠ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

«ጌታው፣ መርቃዋለች። ይጫኑት፣ የልጄ ሰርግ እሁድ ነው።»

ሹፌሮቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። ያን ሳቅ ወደብ ድረስ ሰምተውታል ቢባል አልከራከርም። ሰውዬው ሳቁን ጭብጨባ መስሎት ይሁን ወይም አማራጭ አጥቶ፣ ጣቱን አነሳና ተጫነው። ታጉ ገባ። ማሽኑ መረመረ፣ አሳለፈ። የመቆሚያው ማሽን አዲሱን አየና ጫነ፤ ትንሽ ቆይቶ የወረቀት ማተሚያው ጉሮሮውን ጠረገ። የመጀመሪያው ወረቀት የጋሽ በለጠ ነበር።

ሰውዬው ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ «ዓመቱ ግን ለምን ስምንት ዓመት ጨመረ?» አለኝ።

«እርስዎ መቼ ከጊዜው እኩል ሄደው ያውቃሉ፣ ኢንጂነር» አልኩት። ደስ አለው።

ጋሽ በለጠ ደረሰ ወይ? ሙሉ በሙሉ አልደረሰም። የጠፉት ሁለት ቀናት ጠፍተዋል። እሁድ ከቀትር በኋላ አዳማን አልፎ ወደ ሞጆ ሲቃረብ፣ የሙሽሮቹ መኪና በአበባ ተሸፍና፣ ጥሩምባ ከሚነፋ ሰልፏ ጋር ከፊት ለፊቱ መጣች። ትዕግሥት እስከ መጨረሻው ጠብቃው፣ ሚዜዎቹ ለምነው ለምነው፣ እያለቀሰች ነበር የወጣችው። ሰውዬዬ መብራቱን አበራ፣ ጥሩምባውን ነፋ፣ መሪውን አጠፈና ያን ረጅም መኪና ከነተሳቢው አስፋልቱ ላይ አጋደመው። መንገዱ ተዘጋ። ሚዜዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊደበድቡት ወረዱ። ሙሽራዋ ግን ጥሩምባውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ቬሎዋን ሰብስባ ሮጠች። እዚያው፣ መኪናው ስር፣ በሽርጥና በነጠላ ጫማ፣ ቅባት በነካው እጁ ራሷን ይዞ መረቃት። አንዱ ሚዜ ፎቶ አነሳቸው። ያ ፎቶ ዛሬ ድረስ ስልኬ ውስጥ አለ። የእጁ ቅባት ቬሎዋ ላይ አርፎ ይታያል፤ ቬሎው የኪራይ ነበር፣ የኋላውን እናቷ ያውቃሉ።

ባለፈው ሳምንት በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሁለቱን ፎቶዎች እያፈራረቅሁ አየኋቸው። የጋሽ በለጠን ለዚያ ለሰነፉ ምርመራ ብንሰጠው በአታሚው መስመር ይወድቃል፤ ማን እንዳነሳው አልተጻፈም፣ መቼ እንደተነሳ አልተጻፈም፣ ማዕረግ የሚባል በአካባቢው አልደረሰም። የእብነ በረዱ ሰሌዳ ግን ስሙም፣ ቀኑም፣ ሁሉም በቦታው ነው። ቀኑን ደጋግሜ አየሁት፣ በዚህኛው ትክክል ነው፤ ሰው መቼም ይማራል። የጎደለችው አንዲት ነገር ናት። ያ የናቅነው ቆርቆሮ እንኳ ከሁሉ በፊት የሚጠይቃት።

አላስችል ስላለኝ ከአበቦቹ መሀል ገባሁና «ዕቃው የታለ?» ብዬ ጻፍኩለት። እዚያ ገጽ ላይ የምታወቀው በራሴ ስም ሳይሆን «የፔካ ፍየል» በሚል ነው፣ ብዙ ዓመቴ። መልሱ የማንጎውን ጭረት ሳላወጣ መጣ፤ ስሙ ያለበት ቦታ ላይ ሰውዬው እንቅልፍ የለውም።

«ለመልካም ምኞትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

ምን ብዬ ልመልስ እያልኩ ሳሰላስል፣ ጅቡቲ ያለችው ሆዳን በራሷ ስም ቀደመችኝ።

«ሪባኑን የበላችው ናት፣ ሙሴ አጥናፉ።»